ስለ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጠባይና ስለ ኃላፊ ተግባር

መሥሪያ ቤት ሲባል ብዙ ሰዎች አስቀድመው የሚያስቡት ሕንጻውን፣ ጠረጴዛውን፣ ማኅተሙንና የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ ነው። ነገር ግን ሕንጻው ቢታደስ፣ ጠረጴዛው ቢለወጥ፣ ማኅተሙም እንደ አዲስ ቢቀረጽ፣ በውስጡ ያሉት ሰዎች የአሠራር ልማዳቸው እስካልተለወጠ ድረስ ባለጉዳዩ የሚያገኘው መልስ ያው የቀድሞው ይሆናል። በአንጻሩም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ፣ ተግባራቸውን ለይተው ያወቁና እርስ በርሳቸው የሚተማመኑ ጥቂት ሠራተኞች ብዙ ሥራ ሲሠሩ ይታያል። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ማለት በመጀመሪያ ለአንድ ዓላማ የተሰባሰቡ ሰዎች ማለት ነው።

ከሩቅ ገጠር ተነሥቶ፣ አንድ ቀን ሙሉ በእግሩ ተጉዞ፣ ስለ መሬቱ ወይም ስለ ልጁ ትምህርት ወደ አስተዳደር የሚመጣ ሰው የመሥሪያ ቤቱን አደረጃጀት አያውቅም። እርሱ የሚያውቀው ፊት ለፊት የሚያነጋግረውን ጸሐፊ ብቻ ነው። ጸሐፊው «ኃላፊው ስለሌሉ ነገ ተመለስ» ያለው እንደ ሆነ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ቀላል የሆነችው «ነገ» የምትባለው ቃል ለዚያ ሰው የአንድ ቀን እርሻ መፍታት፣ የማደሪያና የስንቅ ወጪ ትሆንበታለች። ጸሐፊው እንዲህ ያለው ክፉ ሰው ስለ ሆነ ነውን? ወይስ የመወሰን ሥልጣን ስላልተሰጠው? ወይስ ከዚህ ቀደም በራሱ ወስኖ ተግሣጽ ስለ ደረሰበት? ወይስ ጓደኞቹ ሁሉ እንደዚያ ስለሚያደርጉ? ይህን የመሰለውን ጥያቄ በጥንቃቄ የሚመረምረው ትምህርት «የድርጅት ጠባይ ጥናት» ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትምህርት እንዴት እንደ ተጀመረና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር የዓመታቱ ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ሀ. ትምህርቱ የሚመረምረው ምንድን ነው?

የድርጅት ጠባይ ጥናት ሰውን በሦስት ደረጃ ይመለከተዋል። አንደኛው ሰውየውን በግሉ ነው፤ ይኸውም ዕውቀቱን፣ ፍላጎቱን፣ ጠባዩንና ሥራውን የሚመለከትበትን ዐይን ነው። ሁለተኛው ሰውየው አብሯቸው የሚውለውን ጓደኞቹን ነው፤ ምክንያቱም ሰው ለብቻው ሲሆንና በማኅበር ሲሆን ጠባዩ አንድ አይደለም። ሦስተኛው መላውን ድርጅት ነው፤ ማለት ሥልጣን እንዴት እንደ ተከፋፈለ፣ ወሬና ትእዛዝ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሹመትና ሽልማት በምን መሠረት እንደሚሰጥ ነው።

ሥራ አስኪያጅ ወይም ኃላፊ የምንለው ደግሞ ሥራን በሌሎች ሰዎች ድካም አማካይነት ወደ ፍጻሜ የሚያደርስ ሰው ነው። ገበሬ ማረሻውን፣ አናጢም መጋዙን ጠባዩን ዐውቆ እንደሚይዝ፣ ኃላፊም አብሯቸው የሚሠራውን ሰዎች ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ልዩነቱ መጋዝ ባለቤቱን መልሶ የማይመለከት ሲሆን፣ ሠራተኛ ግን አለቃውን ዕለት ዕለት የሚመለከትና የሚመዝን መሆኑ ነው።

ለ. የአስተዳደር ትምህርት አጀማመር

ሰውን አሰባስቦ ማሠራት ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ መጻፍ የጀመረው ፋብሪካና የምድር ባቡር ከተስፋፋ በኋላ ነው። በአሜሪካ ፍሬድሪክ ቴይለር የተባሉት መሐንዲስ በአንድ የብረት ፋብሪካ ከተራ ሠራተኝነት ተነሥተው እስከ ዋና መሐንዲስነት የደረሱ ሰው ነበሩ። ሠራተኞቹ የሚችሉትን ያህል እንደማይሠሩ ከውስጥ ሆነው ስላዩ፣ እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ በሰዓት እየለኩ ከሁሉ የተሻለውን አሠራር ለማግኘት ደከሙ። ሐሳባቸውንም በ1911 በመጽሐፍ አወጡ። በፈረንሳይ አገር ደግሞ የአንድ ታላቅ የማዕድን ኩባንያ የበላይ ኃላፊ የነበሩት አንሪ ፋዮል በ1916 ባወጡት ጽሑፍ የአስተዳደርን ተግባር ለአምስት ከፈሉት፤ እነዚህም አስቀድሞ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበርና መቈጣጠር ናቸው። የጀርመኑ ሊቅ ማክስ ቬበር በበኩላቸው፣ ካረፉ በኋላ በ1922 በታተመው ሥራቸው፣ ሹመት በችሎታ እንጂ በዝምድና የማይሰጥበትን፣ ሥልጣን በጽሑፍ ደንብ የሚወሰንበትንና ጉዳይ ሁሉ በመዝገብ የሚያዝበትን የመሥሪያ ቤት ሥርዓት ገለጹ።

የሦስቱም ሐሳብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ሦስቱም አብልጠው የተመለከቱት ሥራው እንዴት መደራጀት እንደሚገባው ነበር። ሠራተኛው በልቡ ምን ያስባል፣ ከጓደኞቹስ ጋራ ምን ይነጋገራል የሚለው ጥያቄ በሰፊው የተመረመረው ቀጥሎ በምንገልጸው ቦታ ነው።

ሐ. የሆውቶርን ፋብሪካ ምርመራ

በቺካጎ ከተማ አጠገብ ሆውቶርን የሚባል የስልክ መሣሪያ ፋብሪካ ነበር፤ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ንብረት ሲሆን በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ይሠሩበት ነበር። በ1924 መሐንዲሶች የመብራት ብርሃን ቢጨመር ምርት ይጨምር እንደ ሆነ ለማወቅ ምርመራ ጀመሩ። ነገር ግን የብርሃኑ መጠንና የምርቱ መጠን እነርሱ እንደጠበቁት ተያይዘው አልተገኙም። ከመብራቱ ሌላ አንድ ያልታየ ምክንያት እንዳለ ገመቱ።

ስለዚህ በ1927 የስልክ መገናኛ ዕቃ የሚገጣጥሙ ጥቂት ሴቶች ልጆች በተለየ ክፍል እንዲሠሩ ተደረገ። በየጊዜው የዕረፍት ሰዓት ተሰጣቸው፤ መክሰስ ቀረበላቸው፤ የሥራ ሰዓታቸው ተቀነሰ። ምርታቸው እየጨመረ ሄደ። ከዚያም በ1928 የተሰጣቸው ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ረጅም ሰዓት ተመለሱ፤ ያን ጊዜም የሳምንቱ ጠቅላላ ምርት ከፍ እንዳለ ቆየ። ኤልተን ሜዮ የተባሉት የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ሲተረጕሙ፣ ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው ሐሳባቸውን ተጠይቀው፣ ተከብረውና አንድ ማኅበር ሆነው መሥራታቸው ትጋታቸውን ጨመረው አሉ። ከዚህም በኋላ ከ20,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን በግል በማነጋገር ቅሬታቸውና ሐሳባቸው ተሰማ።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ከ1931 እስከ 1932 የተደረገው የመጨረሻው ምርመራ ነው። ለስልክ ማዞሪያ ሽቦ የሚያያይዙ፣ የሚበይዱና ሥራውን የሚመረምሩ 14 ወንዶች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ታዛቢ ዕለት ዕለት ይመለከታቸው ነበር። ኩባንያው ብዙ ለሚሠሩ ብዙ እንዲደርሳቸው የሚያደርግ የደመወዝ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሰዎቹ ግን በመካከላቸው ያልተጻፈ ሌላ ደንብ ነበራቸው። ከተስማሙበት የቀን ሥራ አብልጦ የሚሠራ ጓደኞቹን የሚያስወቅስ ነው፤ አሳንሶ የሚሠራም በጓደኞቹ ድካም የሚኖር ነው፤ የጓደኛውን ጥፋት ለአለቃ የሚናገር ከዳተኛ ነው፤ ተቈጣጣሪም ቢሆን በጓደኞቹ ላይ መኰፈስ አይገባውም። ይህን የተላለፈ ይሰደባል፣ ይቀለድበታል፣ ክንዱንም በቡጢ ይመታል። ከሰዓት በኋላ የተወሰነችው ሥራ ስትደርስ እጃቸው ይዘገያል። የቅርብ አለቃቸው ይህን ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋራ ተስማምቶ መኖርን መርጦ ዝም አለ።

ሰዎቹ ይህን ያደረጉት በስንፍና አልነበረም። ዘመኑ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ የሚሰናበትበት የችግር ዘመን ነበርና፣ ብዙ ብንሠራ ለአንዱ ሥራ የሚከፈለው ይቀነሳል፣ ወይም ከመካከላችን አንዳንዱ ይባረራል፣ ደካማውም ጓደኛችን ይወቀሳል ብለው ፈሩ። ያልተጻፈው ደንብ እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁበት አጥር ነበር።

መ. ከምርመራው የሚወሰደው ትምህርትና የቀረበበት ትችት

የሆውቶርን ምርመራ በ1939 በሰፊ መጽሐፍ ከታተመ በኋላ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን እንዳለ አልተቀበሉትም። ለምሳሌ አሌክስ ኬሪ የተባሉት ጸሐፊ በ1967 እንዳመለከቱት፣ በሴቶቹ ክፍል የአከፋፈሉ ደንብ ተለውጦ ነበር፤ ከመካከላቸውም ሁለቱ ወሬ ያበዛሉ ተብለው በሌሎች ተተክተዋል። እንግዲህ ለምርቱ መጨመር ገንዘቡና የሠራተኞቹ መለወጥ ድርሻ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ስለዚህ «ሠራተኛን በመልካም ቃል ብቻ ማሠራት ይቻላል» የሚል ሰው ከዚህ ምርመራ ማስረጃ ሊያገኝ አይችልም።

ጸንቶ የቀረው ትምህርት ይህ ነው፤ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት አደረጃጀት አለ። አንዱ በወረቀት ላይ የተጻፈው፣ በግድግዳ ላይም የሚሰቀለው ነው። ሁለተኛው ሰዎች በሻይ ሰዓት፣ በመንገድና በለቅሶ ቤት የሚያጸኑት ያልተጻፈው ነው። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ መግባት የተለመደ በሆነበት ክፍል በሁለት ሰዓት የሚገባ አዲስ ሠራተኛ ብዙ ሳይቈይ እንደ ጓደኞቹ መዘግየት ይጀምራል፤ በአንጻሩም ባለጉዳይን ማንገላታት ነውር በሆነበት ክፍል ችኩሉም ሰው ታጋሽ ይሆናል። «ከጉንዳን ጋራ የዋለች አይጥ ጉንዳን ትሆናለች» ባይባልም፣ «ከአህያ ጋራ የዋለች ጊደር» ስለምትማረው ነገር አባቶቻችን የተናገሩት ይህንኑ ነው። ያልተጻፈውን ደንብ ለመለወጥ የሚፈልግ ኃላፊ አስቀድሞ ያ ደንብ ከምን ፍርሃት ወይም ከምን ጥቅም እንደ ተወለደ መጠየቅ አለበት። ፍርሃቱ ሳይነሣ በላዩ አዲስ ማስታወቂያ መለጠፍ ወረቀት ማባከን ነው።

ሠ. ትእዛዝ ኃይል የሚያገኘው ከማን ነው?

በአሜሪካ የኒው ጀርሲ የስልክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቼስተር ባርናርድ በ1938 ባወጡት መጽሐፍ፣ ሥልጣን የሚጸናው ታዛዡ ትእዛዙን ሲቀበለው ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንኛውም አስተዳዳሪ ደብዳቤው ደርሶ ሳይፈጸም የቀረበትን ጊዜ ቢያስታውስ እውነትነቱን ያገኘዋል። ባርናርድ እንዳሉት አንድ ሰው ትእዛዝን ከልቡ የሚቀበለው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ትእዛዙን ሲረዳው፤ ከመሥሪያ ቤቱ ዓላማ ጋራ የማይጋጭ መሆኑን ሲያምን፤ የራሱን ጥቅም በጠቅላላው የማይጎዳ ሆኖ ሲያገኘው፤ በአእምሮውም በአካሉም ሊፈጽመው ሲችል ነው።

በአገራችን ዕድር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የዕድር ዳኛ ወታደርም እስር ቤትም የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜም ደመወዝ የለውም። ሆኖም አባሉ በሌሊት ተጠርቶ ድንኳን ይተክላል፣ ቢቀር መቀጮውን ይከፍላል። ምክንያቱም ደንቡን ራሱ ተሰብስቦ ያጸደቀው ነው፤ ዓላማውንም ያውቀዋል፤ የተጠየቀውም ከዐቅሙ በላይ አይደለም፤ ነገ በእርሱም ቤት እንዲሁ እንደሚደረግ ያምናል። ያው ሰው በመሥሪያ ቤቱ ሲታዘዝ የሚለግም ከሆነ፣ ምክንያቱን በሰውየው ጠባይ ውስጥ ብቻ መፈለግ አይበቃም። ትእዛዙ ከአራቱ የትኛው ጐድሎት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

ረ. ሰውን ለሥራ የሚያተጋው ምንድን ነው?

ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የተባሉት ሊቅ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋራ በፒትስበርግ አካባቢ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን በሥራችሁ እጅግ የተደሰታችሁት መቼ ነው፣ እጅግስ ያዘናችሁት መቼ ነው ብለው ጠየቁ፤ ውጤቱንም በ1959 አሳተሙ። ደስታ የሰጣቸው ነገር ሥራን ከግብ ማድረስ፣ ስለ ሥራቸው መመስገን፣ ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነት መቀበልና ማደግ ሆኖ ተገኘ። ያሳዘናቸው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ደንብና አስተዳደር፣ የአለቃው ቍጥጥር፣ ደመወዝና የሥራው ቦታ ሁኔታ ነበር። ሰው መልካሙን ለራሱ፣ ክፉውን ለሌላው መስጠት ስለሚወድ ውጤቱ በጥንቃቄ መታየት አለበት የሚሉ ተቺዎች ተነሥተዋል። ቢሆንም ለኃላፊ የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ አለው፤ በቂ ደመወዝና ትክክለኛ ደንብ ማጕረምረምን ያስቀራሉ፤ ትጋትን ለመጨመር ግን ለሰውየው የራሱ የሚለው ሥራና ምስጋና ያስፈልጉታል።

ዳግላስ ማክግሬገር ደግሞ በ1960 ኃላፊዎችን እንደ እምነታቸው ለሁለት ከፍለው አሳዩ። አንዱ ሰው በተፈጥሮው ሥራ የሚጠላ ስለ ሆነ ካልተገደደ አይሠራም ብሎ ያምናል። ሁለተኛው ሰው ዓላማውን ከተቀበለው ራሱን በራሱ ይመራል፣ ኃላፊነትንም ይሻል ብሎ ያምናል። ዋናው ቁም ነገር እምነቱ ራሱን የሚያስፈጽም መሆኑ ነው። ሠራተኛውን እንደ ሰነፍ እየቈጠረ ጥቃቅኑን ሁሉ ለራሱ የሚይዝ አለቃ፣ ሠራተኛው የሚያስብበት ነገር ስለሚያጣ በእርግጥም ሰነፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም «አላልኳችሁምን?» ይላል።

ሰ. የኃላፊ ሥራ በየቀኑ

ኃላፊ በጸጥታ ተቀምጦ የሚያቅድና የሚያዝ ሰው ይመስላል። የካናዳው ሄንሪ ሚንትዝበርግ አምስት የታላላቅ ድርጅት ኃላፊዎችን እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ተከትለው ያዩትን በ1973 ባሳተሙ ጊዜ ግን ሌላ ሥዕል ታየ። ከሥራዎቻቸው ግማሾቹ እያንዳንዳቸው ከዘጠኝ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚወስዱ ነበሩ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስዱት ከመቶ አሥር ያህል ብቻ ነበሩ። ቀናቸው በእንግዳ፣ በስልክ፣ በስብሰባና በድንገተኛ ነገር የተቈራረጠ ነበር።

ሚንትዝበርግ የኃላፊን ተግባር በሦስት ወገን መደቡት። መጀመሪያው ከሰዎች ጋራ ያለው ነው፤ በበዓል መሥሪያ ቤቱን ወክሎ መቆም፣ ሠራተኞችን መምራት፣ ከውጭ ካሉት ጋራ መገናኘት። ሁለተኛው ስለ ወሬ ነው፤ የሚሆነውን መከታተል፣ ለሚገባው ሰው ማድረስ፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ መናገር። ሦስተኛው ስለ ውሳኔ ነው፤ አዲስ ሥራ ማስጀመር፣ ብጥብጥን ማብረድ፣ ገንዘብና ሰው መደልደል፣ መደራደር። ከዚህ የምንረዳው፣ ቀኑን አስቀድሞ ያልከፋፈለ ኃላፊ የአጣዳፊው ነገር ባሪያ እንደሚሆን ነው። ለማሰብና ሠራተኛን ለማነጋገር የተለየ ሰዓት ካልተመደበ በራሱ አይገኝም።

ቀ. መልካም ሠራተኛ ሁልጊዜ መልካም ኃላፊ ይሆናልን?

ሮበርት ካትዝ በ1955 ባወጡት ጽሑፍ ኃላፊ ሦስት ዐይነት ችሎታ እንደሚያስፈልገው አመለከቱ፤ የሙያ ችሎታ፣ ከሰው ጋራ የመሥራት ችሎታና ነገሩን በጠቅላላው የማየት ችሎታ ናቸው። ሰው ወደ ላይ ባደገ መጠን የመጀመሪያው ያንሳል፣ የመጨረሻው ይበዛል፤ መካከለኛው ግን በየትኛውም ደረጃ አይቀርም።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ጐበዝ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ጉብዝናው የክፍል ኃላፊ ይደረጋል። እርሱም የለመደው ሒሳብ መሥራት ስለ ሆነ የበታቾቹን ሒሳብ እየነጠቀ ራሱ ይሠራል፤ ማታ አምሽቶ ይደክማል፣ የበታቾቹ ግን ሥራ ፈትተው ይውላሉ። መሥሪያ ቤቱ በአንድ ቀን ጥሩ ሒሳብ ሠራተኛ ያጣል፣ ደካማ ኃላፊም ያገኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሹመት በፊት ሰውን የማሠራት ትምህርት መስጠት ለሹሙም ለተሿሚዎቹም ደኅንነት ነው።

በ. በአገራችን

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሚኒስትሮች አሠራር የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር ደንብ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ወጣ። ለመንግሥት ሠራተኞች የአስተዳደር ትምህርት የሚሰጥ ተቋምም በ1952 በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገባ። እነዚህ ሁሉ በወረቀት የሚታየውን አደረጃጀት ያሻሻሉ ናቸው። ያልተጻፈው ልማድ ግን በዐዋጅ አይለወጥም፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው አነጋገር ከአፋችን አለመጥፋቱ ለዚህ ምስክር ነው። ይህን ልማድ ሊለውጥ የሚችለው ዕለት ዕለት በሠራተኞቹ ዐይን ፊት የሚኖረው ኃላፊ ነው። እርሱ በሰዓቱ ሲገባ፣ ስጦታ ሲመልስ፣ ጥፋትን በግል ሲገሥጽ፣ መልካም ሥራን በአደባባይ ሲያመሰግን የሚታየው ምሳሌ ከመመሪያ ይልቅ ይነበባል።

እንግዲህ ከዚህ በላይ የተባለውን በሥራ ላይ ለማዋል ለሚፈልግ ኃላፊ የሚከተሉትን እናሳስባለን።

፩ኛ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ እስከ ምን ድረስ በራሱ ሊወስን እንደሚችል በጽሑፍ ይወሰንለት። ኃላፊው በሌሉ ጊዜ ማን እንደሚፈርም የታወቀ ይሁን።

፪ኛ፤ በተሰጠው ሥልጣን ወስኖ በቅንነት የተሳሳተ ሠራተኛ ይታረም እንጂ አይዋረድ። አንድ ጊዜ የተዋረደ ሰው ሁለተኛ አይወስንም፤ ያዩትም ጓደኞቹ አይወስኑም።

፫ኛ፤ ትእዛዝ ሲሰጥ ምክንያቱ አብሮ ይነገር፤ ታዛዡም የተረዳውን መልሶ እንዲናገር ይጠየቅ።

፬ኛ፤ ከባለጉዳይ ጋራ የሚገናኙት ጸሐፊዎች፣ ዘበኞችና ተላላኪዎች ጉዳይ የት ላይ እንደሚታገት ከማንም ይልቅ ያውቃሉና በየጊዜው ይጠየቁ። የተናገሩትም በመናገራቸው ጉዳት አይድረስባቸው።

፭ኛ፤ ኃላፊው በሳምንት አንድ ጊዜ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፤ «እኔ አንድ ወር ብታመም በዚህ ቤት የሚቆመው ሥራ የትኛው ነው?» መልሱ ብዙ ሥራ ከሆነ ኃላፊው ብርቱ መሆኑን አያሳይም፤ ሰዎቹን ገና ያላሠራ መሆኑን ያሳያል።

የድርጅት ጠባይ ጥናት ሰፊ ነው፤ በአንድ ጽሑፍም አይጠቀለልም። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ሠራተኛ የሚሠራው እንደ ታዘዘው ብቻ አይደለም፣ እንደ ተከበረውና እንደ ታመነው፣ ጓደኞቹም እንደሚጠብቁበት ነው። ይህን የተረዳ ኃላፊ ከሠራተኞቹ ጉልበት በተጨማሪ ሐሳባቸውንም ያገኛል፤ ትርፉም ለመሥሪያ ቤቱና በደጁ ለሚቆመው ሕዝብ ይሆናል።